ቢም ከስንት ፕሮቶን በላይ ይናወጣል? በላፕቶፕ የሚመለስ ጥያቄ

ፊዚክስ የሚማሩ ልጆች በቴሌግራም ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «የቅንጣት አፋጣኝ በሌለበት አገር ሆኜ ስለ አፋጣኝ ምን መሥራት እችላለሁ?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም ሲሙሌሽን ነው። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ፓይተን እና ትዕግሥት ካላችሁ፣ የሰርን (የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል) ባለሙያዎች ለዓመታት የተጨነቁበትን ችግር ራሳችሁ በጻፋችሁት ኮድ ማየት ትችላላችሁ። ይህን የምለው ለማበረታታት ብቻ አይደለም። ሥራዬ ይኸው ነውና፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በተራ ላፕቶፕ የሚሠራ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው? ቢሙ (በአፋጣኙ ቧንቧ ውስጥ የሚሮጠው የፕሮቶኖች ጎርፍ) ራሱ በሚፈጥረው የኤሌክትሮማግኔት መስክ መናወጡ ነው። ፕሮቶኑ ጥቂት ሲሆን ሁሉም ሰላም ነው። ብዛቱን ስትጨምሩ ግን የሆነ ገደብ ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ቢሙ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል፣ ውዝዋዜው በየዙሩ ያድጋል፣ ፕሮቶኖቹም ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይላተማሉ። እኛ የምንፈልገው ያንን ገደብ ነው።

ምሳሌ የማደርገው በጄኔቫ አካባቢ የሚገኘውን ኤስፒኤስ የተባለ የሰርን ክብ አፋጣኝ ነው። ዙሪያው 6.9 ኪሎ ሜትር ነው። ፕሮቶኖችን በ26 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይቀበላል፣ 450 አድርሶ ለትልቁ ኤልኤችሲ ያስረክባል። የመረጥኩት ገደቡ በማሽኑ ላይ ስለተለካ፣ መፍትሔውም ስለሚታወቅ ነው። ሲሙሌሽን ስትጀምሩ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ምረጡ። ይህን ምክር ከሁሉም በላይ አጥብቄ እሰጣለሁ። መልሱ በማይታወቅ ጥያቄ ከጀመራችሁ፣ ኮዱ እውነት ይናገር ውሸት በምን ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ ፊዚክሱን እንያዝ

ፕሮቶኖቹ የሚሮጡት ባንች በሚባል ጥቅል ጥቅል ሆነው ነው። አንድ ባንች ውስጥ 100 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ፕሮቶን አለ። ወደ ኤስፒኤስ ሲገባ የባንቹ ርዝመት 3 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው፤ በርቀት ስናሰላው 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ቧንቧው ለስላሳና ፍጹም አስተላላፊ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላስቸገረ። ግን መገጣጠሚያ አለው። ቢሙን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚመቱ ኪከር ማግኔቶች አሉበት። የሚያፋጥኑት ካቪቲዎችም አሉ። ባንቹ በእነዚህ ሲያልፍ ከኋላው መስክ ትቶ ይሄዳል፤ ዌክ ፊልድ የሚባለው ይህ ነው። በኮረኮንች መንገድ ሁለት አይሱዙዎች ሲከታተሉ የፊተኛው ያስነሳውን አቧራ የሚጠጣው የኋለኛው ነው። እዚህም እንደዚያ ነው፤ የባንቹ ራስ የተወውን መስክ ጅራቱ ይቀበላል። ራሱ ከመሀል መስመር ትንሽ ወደ ጎን ካለ፣ ጅራቱም ወደ ጎን ይገፋል።

ታዲያ ለምን ወዲያው አይበተንም? በክብ ማሽን ውስጥ ቅንጣቶቹ ቦታ ስለሚለዋወጡ ነው። ኢነርጂያቸው በትንሹ ስለሚለያይ፣ ዛሬ ጅራት የነበረው ከተወሰነ ዙር በኋላ ራስ ይሆናል። ይህ የሲንክሮትሮን እንቅስቃሴ ይባላል። ጅራቱ የተጠራቀመበት ግፊት ገና ሳያድግ ቦታው ይቀየርለታል። ገደቡን የሚወስነው በዚህ ቅያሬ ፍጥነትና በመስኩ ጥንካሬ መካከል ያለው ፉክክር ነው። ቀጥ ባለ ማሽን ውስጥ ቅያሬ የለም። ለዚህም ነው በካሊፎርኒያ ያለው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ስላክ የተባለው ቀጥ ያለ አፋጣኝ በ1966 ሥራ ሲጀምር ቢሙ በጎን መስክ እየተሰባበረ ያስቸገረው።

በሁለት ቅንጣት ጀምሩ

ብዙ ሰው ቸኩሎ ወደ ትልቁ ኮድ ይሮጣል። እኔ ግን ሁለት ቅንጣት ብቻ ካለው ሞዴል እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ። አንዱ ራስ፣ አንዱ ጅራት ነው። እያንዳንዳቸው የባንቹን ግማሽ ቻርጅ ይይዛሉ። የሲንክሮትሮን ዑደቱ ግማሽ እስኪሞላ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይገፋል። በቀሪው ግማሽ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይገፋል። ኮዱ 20 መስመር አይሞላም።

በዚህ ሞዴል ሁሉም ነገር በአንድ የጥንካሬ ቁጥር ይጠቃለላል። የፕሮቶኑ ብዛትና ዌኩ ሲጨምሩ ቁጥሩ ያድጋል። የቢሙ ኢነርጂ ሲጨምርና ቅያሬው ሲፈጥን ይቀንሳል። የሁለቱን ግማሽ ዑደቶች ማትሪክስ በወረቀት አባዙት። የማትሪክሱ ትሬስ 2 ሲቀነስ የጥንካሬው ስኩዌር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ጥንካሬው ከ2 በታች እስከሆነ ድረስ ቢሙ ይረጋጋል፤ 2ን ሲያልፍ ይናወጣል።

አሁን ኮዱን አንዴ በ1.9፣ አንዴ በ2.1 አስኪዱት። የመጀመሪያው ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አያድግም። ሁለተኛው ያድጋል። በወረቀት ያገኛችሁትና ኮዱ የሚለው አንድ ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ ለምትጨምሩት ሁሉ መሠረት አላችሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ሞዴል ከገደቡ በታች «ትንሽ ይናወጣል» የሚባል ነገር የለም። በቀስታ እያደገ የሚመጣ ችግር ሳይሆን በድንገት የሚከፈት በር ነው። ማሽን ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈሩት ለዚህ ነው።

ወደ 100,000 ቅንጣት

አሁን ዋናው ኮድ። እያንዳንዱን ፕሮቶን መከተል አይቻልም፤ አያስፈልግምም። 100,000 ማክሮ ቅንጣት ውሰዱ። ባንቹ 100 ቢሊዮን ፕሮቶን ካለው አንዱ ማክሮ ቅንጣት የሚሊዮን ፕሮቶን ወኪል ነው። ለእያንዳንዱ አራት ቁጥር ያዙ፦ ከመሀል መስመር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያለው ርቀት፣ የአቅጣጫው ማዕዘን፣ ከባንቹ መሀል ያለው ርቀት፣ የኢነርጂ ልዩነቱ። ሁሉንም በናምፓይ (የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ) ድርድር አስቀምጡ። ቅንጣት በቅንጣት የሚዞር ሉፕ አትጻፉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ትጠብቃላችሁ። በድርድር ከተሠራ ግን 10,000 ዙር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

በየዙሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጎንዮሹን በ2 በ2 የማዞሪያ ማትሪክስ አዙሩ። በኤስፒኤስ የድሮው (ከ2012 በፊት የነበረው) የማግኔት አቀማመጥ የቋሚው ቱን 26.18 ነው፤ ማለትም ቅንጣቱ አንድ ዙር ሲጨርስ 26.18 ጊዜ ይወዛወዛል። ለእኛ የሚያስፈልገው ከነጥቡ በኋላ ያለው 0.18 ነው። አማካይ ቤታው (ማግኔቶቹ ቢሙን ምን ያህል እንደሚያጠብቡ የሚናገር ርዝመት) ወደ 42 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን ለቱኑና ለሁለት ፓይ አካፍላችሁ ራሳችሁ አግኙት።

ቀጥሎ ርዝመቱን የሚመለከተው ይመጣል። ቅንጣቱ ከባንቹ መሀል ያለው ርቀት በኢነርጂ ልዩነቱ፣ በስሊፕ ፋክተሩ (የኢነርጂ ልዩነት የዙሩን ጊዜ ምን ያህል እንደሚቀይር የሚናገር ቁጥር) እና በዙሪያው ብዜት ይቀየራል። ከዚያ ካቪቲው ኢነርጂውን ይቀይረዋል። እዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ርቀቱን ቀይሩ፣ ከዚያ በአዲሱ ርቀት ኢነርጂውን ቀይሩ። ሁለቱንም በአሮጌው ቁጥር ካሰላችሁ ባንቹ ያለ ምንም ዌክ በራሱ ያብጣል፤ ያን ጊዜ የሒሳቡን ጥፋት እንደ ፊዚክስ ታነቡታላችሁ። ምልክቱንም ተጠንቀቁ። ኤስፒኤስ ከትራንዚሽን (ከእሱ በላይ ኢነርጂው ከፍ ያለ ቅንጣት ዙሩን ዘግይቶ የሚጨርስበት ወሰን) በላይ ስለሚሠራ የካቪቲው ምልክት ይገለበጣል። ካልገለበጣችሁት 100 ዙር ሳይሞላ ባንቹ ይበተናል።

ሦስተኛው መቆራረጥ ነው። ባንቹን በርዝመቱ 100 ቁራጭ አድርጉት። በየቁራጩ ስንት ቅንጣት እንዳለና አማካይ ቦታቸውን አስሉ። የናምፓይ ቢንካውንት ይህን በፍጥነት ይሠራል። ከዚያ የእያንዳንዱ ቁራጭ ግፊት ከፊቱ ካሉት ቁራጮች ሁሉ የሚመጣ ድምር ነው፦ የቁራጩ ቻርጅ፣ በአማካይ ቦታው፣ በርቀቱ ላይ ባለው ዌክ ተባዝቶ። የቁራጮቹ ቦታ ካልተቀየረ የዌኩን ሰንጠረዥ አንዴ ብቻ ማስላት ይበቃል።

ዌኩን ከየት እናመጣለን? ለመለማመጃ አንድ ሰፊ ሬዞኔተር ውሰዱ፦ ድግግሞሹ 1.3 ጊጋ ኸርዝ፣ ኪው ፋክተሩ 1፣ ጥንካሬው 10 ሜጋ ኦም በሜትር። በጊዜ ሲታይ በፍጥነት የሚከስም ሳይን ነው። የማሽኑን ኢምፒዳንስ (ዌኩ በድግግሞሽ ሲታይ) ሁሉ በአንድ ሬዞኔተር መወከል ሻካራ ነው፤ ግን ገደቡን በሚያስገርም ደረጃ ያቀርባል። የኢምፒዳንስን ሐሳብ ለቢም መረጋጋት ያመጣው ቪቶሪዮ ቫካሮ ነው፤ ሰርን ውስጥ በ1966። ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ማሰብ ነበር። እሱ ማሽኑን ሁሉ በአንድ የድግግሞሽ ፈንክሽን እንድናይ አደረገን። እኔ በዚህ ሙያ ከሁሉ የማደንቀው ሐሳብ ይህ ነው።

ኮዱን ሳታምኑ ፈትኑት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ኮድ መጻፉ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። መፈተኑ ነው ሰውን ተመራማሪ የሚያደርገው።

ዌኩን አጥፍታችሁ 10,000 ዙር አስኪዱ። ባንቹን በትንሹ ወደ ጎን አድርጋችሁ ልቀቁት። የውዝዋዜው ስፋት ማደግም መቀነስም የለበትም። ፎሪየር ትራንስፎርም ስትሠሩለት ጫፉ 0.18 ላይ መታየት አለበት። ርዝመቱም ባለበት መቆየት አለበት። የሚወዛወዝ ከሆነ የመነሻው የኢነርጂ ስርጭት ከቮልቴጁ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። መጀመሪያ ካቪቲውን እንደ ቀጥታ መስመር ኃይል አድርጋችሁ ሥሩ፤ ሲሠራላችሁ ወደ ሳይን ቀይሩት።

የሲንክሮትሮኑን ፍጥነት በወረቀት አስሉ። ለምሳሌ በአዲሱ አቀማመጥ (ከታች እመለስበታለሁ)፣ ስሊፕ ፋክተሩ 0.0018፣ ቮልቴጁ 4 ሜጋ ቮልት፣ የካቪቲው ሃርሞኒክ (በአንድ ዙር የሚወዛወዝበት ብዛት) 4620 ሲሆን፣ የሲንክሮትሮን ቱኑ ወደ 0.014 ይመጣል። ስለዚህ በየ70 ዙሩ አንድ ሙሉ ቅያሬ ማየት አለባችሁ። አንዱን ቅንጣት መርጣችሁ መንገዱን ሳሉት። 70 ካልመጣ ወደ ፊት አትሂዱ።

ከዚያ መሀል ያለውን አንድ ቁራጭ ብቻ ወደ ጎን አውጡና ግፊቱን አንድ ጊዜ አስሉ። መገፋት ያለባቸው ከኋላው ያሉት ብቻ ናቸው። ከፊቱ ያለ አንድ ቁራጭ እንኳ ከተገፋ የርቀቱ ምልክት ተገልብጧል። በጣም የሚያሳዝነው፣ ይህን ስህተት የያዘ ኮድም የሚያምር ግራፍ ያወጣል። ቢሙ ይናወጣል፣ ገደብም ያሳያል፤ ግን ጅራቱ የባንቹን ራስ የሚገፋበት የሌለ ዓለም ነው።

ፕሮቶኑን በጣም አሳንሳችሁ የቱኑን ለውጥ ለኩ። ፕሮቶኑን በግማሽ ስትቀንሱ ለውጡም በግማሽ መቀነስ አለበት።

የመጨረሻው የቁጥሮቹ ብቃት ነው። የ1.3 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 23 ሳንቲ ሜትር ነው። የባንቹ መስኮት 1.3 ሜትር ቢሆንና 100 ቁራጭ ብታደርጉት፣ በአንድ ሞገድ ውስጥ 17 ያህል ቁራጭ ይገባል። ይህ በቂ ነው። በ20 ቁራጭ ግን ሞገዱን በሦስት ነጥብ መሳል ይሆንባችኋል። ስለዚህ በ50፣ በ100፣ በ200 ሞክሩ። ቅንጣቶቹንም እጥፍ አድርጉ፤ ቁራጭ ስትጨምሩ በየቁራጩ ያለው ቅንጣት ይቀንሳልና አማካዩ በነሲብ መዝለል ይጀምራል። ገደቡ ከቦታው የማይነቃነቅበት ላይ ስትደርሱ ብቻ ቁጥሩን ጻፉት። የነሲብ ቁጥሩን መነሻም መዝግቡ፤ ያው ውጤት ነገም መውጣት አለበት።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር አንድ ነገር ልጨምር። በየ1,000 ዙሩ አራቱንም ድርድሮች ወደ ፋይል አስቀምጡ፣ ኮዱም ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጋችሁ ጻፉት። ሁለት መስመር ነው፤ ሌሊት የሠራችሁትን ያድናል።

ገደቡን መፈለግ

አሁን የባንቹን ፕሮቶን ከ20 ቢሊዮን ጀምሩና በየ20 ቢሊዮኑ ጨምሩ። በእያንዳንዱ የባንቹን አማካይ ቦታ በየዙሩ መዝግቡ። ሁለት ግራፍ ያስፈልጋችኋል።

አንደኛው የእድገት ፍጥነት ነው። የውዝዋዜውን ስፋት በሎጋሪዝም ስትስሉት፣ የሚናወጥ ቢም ቀጥ ያለ ዳገት ይሆናል። ዳገቱን ለኩ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት የሲንክሮትሮን ዑደቶች ተዉአቸው። ደግሞ ስፋቱ 40 ሜትር ደረሰ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ኮዳችሁ ግድግዳ የለውም። እውነተኛው ቢም ገና ሴንቲ ሜትሮች ላይ ግድግዳውን መትቶ ይጠፋል። ከዚህ ግራፍ የምንወስደው ዳገቱ መኖሩንና ምን ያህል ፈጣን መሆኑን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሞዶቹ (ባንቹ የሚወዛወዝባቸው መንገዶች) ካርታ ነው። ለእያንዳንዱ የፕሮቶን ብዛት ፎሪየር ሥሩና ጎን ለጎን ደርድሩ። በዝቅተኛው ብዛት መስመሮቹ በሲንክሮትሮን ቱን ርቀት ተለያይተው ይታያሉ። ብዛቱ ሲጨምር ይንቀሳቀሳሉ። ሁለቱ ተገናኝተው አንድ የሚሆኑበት ቦታ ላይ የመጀመሪያው ግራፍ ዳገት ይጀምራል። መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት 0 እና −1 የተባሉት ሞዶች ሲገናኙ ነው። እንደ ኤስፒኤስ ባንቹ ለሞገዱ ረጅም ሲሆን ግን የሚገናኙት ከዚያ የራቁት ሞዶች ናቸው። ስለዚህ ካርታውን ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉ።

በማሽኑ ላይ የተለካው ገደብ በድሮው አቀማመጥ 160 ቢሊዮን ፕሮቶን ገደማ ነው። የእናንተ ሻካራ ሞዴል በዚያ አካባቢ ከወደቀ ደስ ይበላችሁ።

መፍትሔውን ራሳችሁ አግኙት

ይህ ክፍል ለእኔ የሙያው ውበት ነው። ኤልኤችሲ ከኤስፒኤስ ተጨማሪ ፕሮቶን ይፈልጋል። 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቧንቧ አውጥቶ መቀየር አይታሰብም። የሰርን ሰዎች ያደረጉት ማግኔቶቹን ሳይነቅሉ የኳድሩፖሎቹን (ቢሙን የሚያጠብቡት ማግኔቶች) ጅረት መቀየር ነው። ቱኑን ከ26 ወደ 20 አወረዱት። በዚህም ትራንዚሽን ጋማው (ጋማ ማለት ኢነርጂው ለፕሮቶኑ የዕረፍት ኢነርጂ ሲካፈል ነው) ከ22.8 ወደ 18 ወረደ። የቢሙ ጋማ ሲገባ 27.7 ነው። አሁን አንድ በትራንዚሽን ጋማ ስኩዌር፣ ሲቀነስ አንድ በቢሙ ጋማ ስኩዌር አስሉ። ስሊፕ ፋክተሩ ከ0.00062 ወደ 0.0018 ዘለለ፤ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቅያሬው ፈጠነ፣ ጅራቱም ግፊት ሳያጠራቅም ራስ ሆነ። አቀማመጡ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። ገደቡም ከ400 ቢሊዮን በላይ ወጣ።

በኮዳችሁ ስትሞክሩት አንድ ጥንቃቄ አለ። ስሊፕ ፋክተሩን ብቻ ቀይራችሁ ማወዳደር ልክ አይደለም። ቮልቴጁንም በዚያው መጠን ቀይሩ። ለአዲሱ 4 ሜጋ ቮልት ከያዛችሁ ለድሮው 1.4 ያዙ። ያኔ ባንቹ በሁለቱም ርዝመቱም የኢነርጂ ስርጭቱም አንድ ይሆናል። ያለበለዚያ ሁለት የተለያዩ ባንቾችን እያወዳደራችሁ ነው። አማካይ ቤታውንም ወደ 54 ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ይህኛው ገደቡን በመጠኑ ወደ ታች ይጎትታል። ሁሉንም ስትደምሩ ገደቡ ከ2 እጥፍ በላይ መነሳት አለበት።

ክሮማቲሲቲን ከዚህ በኋላ ጨምሩ። የእያንዳንዱ ቅንጣት የማዞሪያ ማዕዘን በኢነርጂ ልዩነቱ ልክ ትንሽ ይቀየራል፤ ያው ነው። ከትራንዚሽን በላይ ትንሽ ፖዘቲቭ አድርጋችሁ ያዙት። ኔጋቲቭ ስታደርጉት ከገደቡ በታችም ባንቹ በቀስታ ሲናወጥ ታያላችሁ።

ስለ ቧንቧው ቅርጽም ላንሳ። ክብ ካልሆነና ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ዌኩ ከራሱ ከተገፊው ቅንጣት ቦታም ጋር ይያያዛል። ወደ ላይና ወደ ታች ሁለቱ ይደመራሉ፤ ወደ ግራና ቀኝ ይጣፋሉ። በኤስፒኤስ የምንፈራው ቋሚው የሆነው ለዚህ ነው። የእኛ ሬዞኔተርም ለቋሚው ነው።

ወደ ትልልቆቹ ኮዶች

ይህ ሲያልቅ ፓይሄድቴይልን ወይም ኤክስሱትን ጫኑ። ሁለቱም ከሰርን የወጡ፣ በነጻ የሚገኙና በፓይተን የሚሠሩ ናቸው። ውስጣቸው ያለው እናንተ የጻፋችሁት ነገር ነው፤ ይበልጥ ሰፊና ፈጣን ሆኖ። የአንድን ዕቃ ዌክ ከቅርጹ ማስላት ስትፈልጉ ደግሞ እንደ ሲኤስቲ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። ፈቃዳቸው ውድ ነውና በዚያ አትጀምሩ። ኤሌክትሮን ለሚመርጥ ሰው በዮርዳኖስ ያለው ሴሳሚ የተባለ የኤሌክትሮን አፋጣኝ ጥሩ መለማመጃ ነው። በ2017 ተመረቀ፣ ግብፅም አባል ናት፤ ዙሪያው 133 ሜትር፣ ኢነርጂው 2.5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለእሱ በኮዳችሁ ላይ የጨረር መቀዝቀዝንና የኳንተም ንዝረትን መጨመር አለባችሁ።

በትልቁ ኮድ ያንኑ የኤስፒኤስ ሬዞኔተር አስገብታችሁ የሁለቱን የእድገት ግራፍ በአንድ ገጽ ላይ ሳሉ። መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ መጀመሪያ የሬዞኔተሩን አሃድ ፈትሹ። አንዳንዱ መጽሐፍ በኦም በሜትር ይጽፋል፣ አንዳንዱ በኦም በሜትር ስኩዌር፤ በመካከላቸውም የብርሃን ፍጥነት ለድግግሞሹ (በራዲያን በሰከንድ) ሲካፈል የሚገኘው ብዜት አለ። ቀጥሎ ድግግሞሹ በኸርዝ ይሁን በራዲያን በሰከንድ እዩ። የ6.28 እጥፍ ልዩነት ካያችሁ መልሱ እዚያ ነው።